ዶክተሩ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ

ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ እዚያ ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ቃል «ይክፈቱ» የሚለው መሆኑን ታስታውሳላችሁ። እኔ ባለፈው ዓመት ቡታጅራ ድረስ አምስት ጊዜ ተመላልሼ፣ አምስቱንም ጊዜ በታዘዝኩት መጠን ከፍቻለሁ። ሐኪሙ ራሱ «እንደ እርስዎ አፉን አሳምሮ የሚከፍት ታካሚ የለኝም» ብሎ መስክሮልኛል። የሄድኩበትን ጉዳይ የተናገርኩት ግን በአምስተኛው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሌሎቹ አራቱ ነው።

አስቀድሜ ስለ አስተዳደጌ ትንሽ ልበል፤ አለዚያ በደንቆሮነቴ ብቻ ትስቁና ነገሩ ያመልጣችኋል። እኔ ባደግኩበት ቤት ሰው ሲጠየቅ ወዲያው መልስ አይሰጥም። እንግዳ ሆነሽ ብትሄጂ፣ «ነይ ብይ» ስትባዪ መጀመሪያ «ኧረ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ትያለሽ። ሁለተኛ ሲሉሽ «አይ፣ ይቅርብኝ» ትያለሽ። ሦስተኛ ሲሉሽ፣ ያውም «በሞቴ» ተጨምሮበት፣ ቀስ ብለሽ እጅሽን ትዘረጊያለሽ። ይህ ውሸት አይደለም። ጠያቂውም ተጠያቂውም ያውቁታል። በመጀመሪያው እጁን የሚሰድ ሰው ስግብግብ ነው፤ በሁለተኛው ትቶ የሚሄድ ባለቤት ደግሞ ልቡ ያልፈቀደ ነው ይባላል። የባለቤቴ ሽማግሌዎች እንኳን ከአባቴ ዘንድ «እሺ» የሚለውን ቃል ያገኙት በሦስተኛው መምጣታቸው ነው። በሁለተኛው ተስፋ ቆርጠው ቢሆን ኖሮ የእኔ ልጆች የሌላ ሰው ልጆች በሆኑ ነበር።

ወደ ጥርሱ ልመለስ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ወልቂጤ ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ገበያ ስሄድ፣ ሾፌሩ የሚያውቀውን ሰው ሰላም ለማለት አንገቱን አዞረና ጉድጓድ ውስጥ ገባን። አፌ ከፊቴ ካለው ብረት ጋር ተገናኘ። ሾፌሩ ደንግጦ «እማማ፣ ተጎዱ እንዴ?» አለኝ። «ኧረ ምንም አልሆንኩም ልጄ» አልኩት። ይህን ስለው ከላይ ያለው የፊት ጥርሴ ግማሹ መዳፌ ውስጥ ነበር። የቀረውን ግማሽ በማግስቱ ነቀሉልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰው ጋር ሳወራ ነጠላዬን ወደ አፍንጫዬ ሳብ ማድረግ ለመድኩ። «ሰ» የሚል ፊደል ያለበትን ቃል ስናገር ትንሽ ፉጨት ይወጣል። «ሰላም» ማለት እንኳን ትቼ በአንገቴ ሰላም ማለት ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በሴቶች ኅብረት መጽሐፍ ቅዱስ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ መነጽሬ ጠፋ አልኩና ለሌላ ሰጡት። ጎረቤቶቼ ምክንያቱን ስላላወቁ በጸሎት በርትታለች አሉ። አንዷማ «እንዴት ያለ ጭምትነት ነው የሰጠሽ!» ብላ አመሰገነችኝ። ያለኝ ክፍተት እንጂ ጭምትነት አልነበረም።

ይህንንም ችዬ እኖር ነበር፤ ቤቲ ልታገባ ባትሆን ኖሮ። ቤቲ የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈች ጀምሮ፣ ከሰባት ዓመቷ አንሥቶ፣ እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ በሰው ሁሉ ፊት የምትመርቃት እናቷ ናት፤ እናቷ ከሌለች እኔ ነኝ። በአንድ አሮጌ ደብተር ላይ ምርቃቱን ጻፍኩት። ዐሥራ አንድ መስመር ሆነ። ሰረዝኩ፣ ጨመርኩ፣ እንደገና በንጹሕ ገልብጬ ጻፍኩ። ከዚያ በመስታወት ፊት ቆሜ ባነበው፣ ግማሹ ፉጨት ሆነ። ያን ጊዜ የፊት ጥርሴን ለማስተከል ወሰንኩ። ሐሳቤ ይኸው ነበር፤ አንድ ጥርስ፣ ለአንድ ቀን። ከዚያ በኋላ ቢወልቅም ግድ አልነበረኝም።

ስሕተቱ የጀመረው ለወንድሜ ስነግረው ነው። ጋሼ ወልዴ ከእኔ በሰባት ዓመት ይበልጣል። ቡታጅራ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ ሰው ስለሆነ ድምፁ ከሞተር በላይ እንዲሰማ ሆኖ ነው የተሠራው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የእኔን ጉዳይ ሁሉ የእሱ አድርጎ ይዞታል። በስልክ «ጥርሴን ልታከም አስቤያለሁ» አልኩት። ከዚህ በላይ አልተናገርኩም። በስልሳ ስምንት ዓመቴ የፊት ጥርስ አማረኝ ብዬ ለታላቅ ወንድሜ መናገር እንዴት ይሆንልኛል?

«እንኳንም አሰብሽ!» ብሎ ጮኸ። «ባለፈው መስቀል አይቼሻለሁ እኮ! ክትፎውን በግራ በኩል ብቻ ስታዞሪው አንጀቴን ነው የበላሽው። ያ የቀኙ መንጋጋሽ ከወለቀ ስንት ዘመኑ ነው? ቡታጅራ ነዪ፣ ጎበዝ ሐኪም አለ። ወጪውን ለእኔ ተዪው።»

እውነቱን ለመናገር፣ በታች በቀኝ በኩል ሁለት መንጋጋ ጥርሶች የሉኝም። ከወለቁ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። እኔ ረስቻቸው ነበር፤ ለካ ወንድሜ አልረሳቸውም።

በሚኒባስ በአረቅጥ በኩል አድርጌ ቡታጅራ ገባሁ። ጋሼ ወልዴ መናኸሪያው ላይ የጠበቀኝ ብቻውን አልነበረም። የበርበሬ ነጋዴው ሐጂ ነስሩ አብረውት ነበሩ። ሐጂ የወንድሜ የአርባ ዓመት ጓደኛ ናቸው። እሳቸውም በቅርቡ ሁለት ጥርስ አስተክለው ስለነበር በቡታጅራ ሁሉ የጥርስ አዋቂ ሆነዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳናበቃ አፋቸውን ከፍተው በጣታቸው ጉንጫቸውን ገለል አድርገው አሳዩኝ።

«አየሽ እህቴ? ብሎን ነው ውስጡ። ወላሂ የኔ ከነበረው ይበልጣል። ሸንኮራ በዚህ ነው የምልጠው።»

«ደስ ይላል ሐጂ» አልኩ በነጠላዬ ውስጥ።

ሐኪሙ ወጣት፣ ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለምና። እኔን ብቻ ለማናገር ፈልጎ ነበር፤ ሆኖም ጋሼ ወልዴና ሐጂ ወንበር ስበው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ክፍሉ የሕክምና ክፍል መሆኑ ቀርቶ የሽምግልና ሸንጎ መሰለ። የጎደለን ነገር ቢኖር የሚቀመጡበት ዛፍ ብቻ ነው።

«እናቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። ምን እንደሚያስቸግርዎ እስቲ ይንገሩኝ» አለ ሐኪሙ።

«ማኘክ ነው» አለ ጋሼ ወልዴ። «ከታች በቀኝ በኩል ሁለት መንጋጋ የላትም። መስቀል ሲደርስ እንደ ሕፃን ነው የምትበላው።»

«እሺ አባቴ። ከእርሳቸውም ልስማ።»

«እሱ እንዳለው ነው» አልኩ።

ራጅ አነሣኝ። ከዚያም የፕላስቲክ መንጋጋ ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አንድ በአንድ ያስረዳኝ ጀመር። የሚወልቅና የሚገባ ጥርስ አለ፤ በሁለት ሳምንት ይደርሳል። ከጎን ያሉትን ጥርሶች ሞርዶ በላያቸው የሚገጠም፣ ድልድይ የሚሉት አለ። ደግሞም አጥንት ውስጥ ብሎን ተክሎ፣ ወራት ጠብቆ፣ በላዩ ጥርስ የሚታሰርበት አለ። የእያንዳንዱን ጥሩውንም ክፉውንም ነገረኝ። ያለ ምንም ሕክምና መተውም አንድ ምርጫ ነው አለ። በሕይወቴ እንዲህ ተብራርቶ የተነገረኝ ነገር ትዝ አይለኝም። ትዳር እንኳን እንዲህ ተብራርቶ አልቀረበልኝም።

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለና፣ «የጎደለዎት ከኋላም ከፊትም ነው። ሁሉንም ማድረግ ይቻላል፤ ከአንዱ መጀመርም ይቻላል። ለእርስዎ የሚበልጥብዎ የትኛው ነው? ማኘኩ ነው? ንግግሩ ነው? ወይስ መልኩ?» አለኝ።

የመጣሁበት ጥያቄ ይኸው ነበር።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አልኩ። «የተማርከው አንተ ነህ።»

«እኔ የተማርኩት ስለ ጥርስ ነው። አፉን ይዘው የሚኖሩት ግን እርስዎ ነዎት። የቱን ይመርጣሉ?»

«እናንተ ያላችሁት ይሁን» አልኩ።

ይህን ብዬ ነጠላዬን ከአፌ ላይ ዝቅ አደረግኩ። ለሦስተኛው እየተዘጋጀሁ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል፤ «የፊቱን» ለማለት የቀረኝ አንድ «በሞቴ» ብቻ ነው። ሐኪሙ ለአፍታ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ «እሺ» አለና አቀርቅሮ ጻፈ።

ምን እንደጻፈ ያኔ አላወቅኩም። እኔ አሁንም እየጠበቅኩ ነበር። እስክሪብቶውን ሲያስቀምጥ ሊጠይቀኝ ነው አልኩ። መነጽሩን ሲያወልቅ አሁን ነው አልኩ። እሱ ግን ፊቱን ወደ ወንድሜ አዞረ።

«ከኋላ እንጀምር ካላችሁ፣ አጥንቱ ጥሩ ነው፣ ብሎኑን ይችላል። የፊቱንስ?»

«የፊቱን ምን ያደርግላታል?» አሉ ሐጂ ነስሩ። «የፊት ጥርስ ለሳቅ ነው። እህታችን እንደሆነች አትስቅም።»

«በዚህ ዕድሜዋ ማን ሊያያት!» አለ ጋሼ ወልዴ። «ክትፎ በፊት ጥርስ አይበላም። ከኋላ አጥብቀህ ትከልልኝ፤ ዕድሜ ልክ የሚሆን።» የሚናገረው ስለ መኪና ፍሬን ይመስል ነበር።

ሁለቱም ይወዱኛል። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። በጥላቻ የተፈረደብኝ ቢሆን ኖሮ ይግባኝ እል ነበር።

ቀጥሎ የስምምነት ቅጽ መጣ። እኔ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ሳያነብ የፈረመን ሰው ወረቀቱን መልሼ «አንብበህ ና» ስል ኖሬያለሁ። አንድ ርእሰ መምህር እንኳን መልሼ አውቃለሁ። በዚያ ቀን ግን ጋሼ ወልዴ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በእጁ ርቀት ያህል አርቆ ይዞ፣ «ይሄ ደህና ነው፣ ፈርሚ» አለኝ። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እሱ ያነበበውን አውጥቼ ባነበው አላመንኩህም ማለት ይሆናል ብዬ ተውኩት። ያለ መነጽርም ቢሆን አንድ መስመር ጎላ ብሎ ታየኝ። «የቀረቡልኝን አማራጮች ተረድቼ፣ በራሴ ምርጫ» ይላል። ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደ ድሮው ያምራል።

በሁለተኛው ቀጠሮ ብሎኖቹን ተከለልኝ። ማደንዘዣውን ወግቶኝ «ካመመዎት እጅዎን ያንሡ» አለኝ። በመካከል ትንሽ ቆጠቆጠኝ። እጅ ማንሣት ተማሪ ቤት እያለሁም አልወድም ነበር። እንደምንም አለፈ። ሐኪሙም «በጣም ጠንካራ ነዎት» ብሎ አደነቀኝ። ምናለ ባላደነቀኝ! ከዚያ በኋላማ ጭራሽ ማንሣት አልቻልኩም።

ለሳምንት በወንድሜ ቤት አረፍኩ። የታዘዘልኝ አጥሚትና እርጎ ነው። ዘመድ ግን ታማለች ሲባል ባዶ እጁን አይመጣም። ጎመን ክትፎው፣ አይቡ፣ በኮባ የተጠቀለለው ቆጮ እየተደረደረ በፊቴ ይቀመጣል፤ እኔ ደግሞ አጥሚቴን እየጠጣሁ አየዋለሁ። የመጣው ሁሉ «እስቲ እንየው» ይላል። እከፍታለሁ። ሐጂ ነስሩ ካሉ በጣታቸው እያመለከቱ ያስረዳሉ፤ «ይኸውና ስፌቱ፣ ይኸውና ብሎኑ፣ ሦስት ወር ሲሞላው እንደ ዐለት ነው!» በዚያ ሳምንት የአፌን ጓዳ ያላየ የቡታጅራ ሰው ካለ አገር ለቆ የሄደ መሆን አለበት። ይህን ያህል ሰው አፌ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ፣ የፊቱን ክፍተት አልፎ ነው የሚገባው። አንድም ሰው አላነሣውም። በር ክፍት ሲሆን ማን ልብ ይላል?

ወልቂጤ ተመልሼ ብዙ አሰብኩ። ለስፌቱ በሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ቁርጤን አድርጌ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ፤ «ዶክተር፣ እኔን ያመጣኝ የፊቱ ነው።» ከወልቂጤ እስከ አረቅጥ ሚኒባሱ ውስጥ በለሆሳስ ስደጋግመው ሄድኩ። አረቅጥ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ገብቶ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስለ መንገዱ የምጸልይ መስሏቸው «አሜን! አሜን!» ማለት ጀመሩ። ሾፌሩም ቆቡን አወለቀ። እኔም ላሳፍራቸው ስላልፈለግኩ «በሰላም ያግባን» ብዬ ጨረስኩት።

ክሊኒኩ ስገባ ወንድሜና ሐጂ ቀድመውኝ ደርሰዋል። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት? የሚያስቸግርዎ ነገር አለ?» አለኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ይህ ሰላምታ እንጂ መልስ አልነበረም። እሱ ግን «በጣም ጥሩ!» አለና አፌን በጥጥ ሞላው። ዓረፍተ ነገሬን ይዤ ተመለስኩ።

በአራተኛው ጊዜ ብቻዬን ለመሄድ አሰብኩ። ጋሼ ወልዴን «አትድከም፣ አሁን መንገዱን አውቄዋለሁ» አልኩት። ድምፁ ዝቅ አለ። በሕይወቴ ዝቅ ብሎ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «እሺ፣ ካልፈለግሽኝ» አለ። ብዙም ሳይቆይ ደውሎ «ሐጂን ልኬልሻለሁ» አለኝ። ሐጂ ነስሩ በክሊኒኩ ደጅ ላይ ሸንኮራ ይዘው ቆመው ነበር። ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ በአዲሱ ጥርሳቸው እየላጡ አሳዩ። ሁለት ሰዎች እዚያው አይተው ቀጠሮ ያዙ። የእኔን ተራ ያቺው ሸንኮራ አሳለፈችው፤ ሐኪሙ ስቆ ስቆ፣ ብሎኖቼን ነካ ነካ አድርጎ፣ «ግሩም ይዟል፣ ታኅሣሥ ላይ ጥርሱን እናስራለን» ብሎ ሸኘኝ።

በታኅሣሥ፣ ለሠርጉ ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ለአምስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱ መንጋጋዎች ታሰሩልኝ። ሐኪሙ ወረቀት አስነክሶኝ፣ ሞርዶ፣ እንደገና አስነክሶኝ ጨረሰ። መስታወት ሰጠኝ። እውነትም ሥራው ድንቅ ነው። መስታወቱን ወደ ኋላ አዘንብዬ ጥርሶቹን ካየሁ በኋላ ስመልሰው ግን መሃል ላይ የቆመው ያው ጥቁር ክፍተት ነው። ጋሼ ወልዴ መኪናው መንገድ ዘግቶ ስለነበር ሊያነሣ ወጥቷል። ሐጂ ለዙህር ሰላት ሄደዋል። ክፍሉ ውስጥ ሐኪሙና እኔ ብቻ ነበርን።

«ደስ አለዎት እናቴ?»

«ልጅቷ በዐሥራ ሁለት ቀን ታገባለች» አልኩት። ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ይህ አልነበረም።

«እንኳን ደስ አለዎት!»

«የምመርቃት እኔ ነኝ። እኔ ወደዚህ የመጣሁት ለፊቱ ጥርስ ነበር።»

ሐኪሙ እጁ ላይ ያለውን ጓንት ሊያወልቅ ጀምሮ ግማሹ ላይ ቆመ።

«ለፊቱ?»

«ለፊቱ።»

«እናቴ! የመጀመሪያ ቀን ጠይቄዎት ነበር እኮ። ሁለት ጊዜ ጠይቄዎታለሁ!»

«አዎ። ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅከኝ።»

«ታዲያ ስንት ጊዜ ልጠይቅዎ?»

«ሦስት» አልኩት።

የሚስቅ መሰለ፤ ግን አልሳቀም። ፋይሌን ገለጠና አንድ ገጽ ላይ ቆየ፤ ከዚያ ወደ እኔ አዞረው። በመጀመሪያው ቀን የጻፈው ነው። በዚህ ጊዜ መነጽሬን አወጣሁ። «ታካሚዋ የተለየ ምርጫ የላቸውም» ይላል። ቀኑ አለ፣ ከታች ፊርማው አለ። የምከራከርበት አንድም ቃል አጣሁ። እኔ መዝገብ ቤት ብሆን ኖሮ ማኅተም አድርጌ የማስቀምጠው ትክክለኛ ወረቀት ነው።

«ያን ቀን ነግረውኝ ቢሆን፣ የሚወልቀውን ጥርስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ባደረስኩልዎ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ከፈለጉም ሦስቱንም ባንድ ላይ በተከልን ነበር።»

«አውቃለሁ። ነግረኸኛል። በደንብ ነበር ያስረዳኸኝ።»

እንደ ሊጥ ያለ ነገር አፌ ውስጥ ከትቶ የጥርሴን ልክ ወሰደ። አዲስ አበባ ተልኮ ነው የሚሠራው። በስልክ እየለመነ «ለሠርግ ነው፣ እባካችሁ» ሲላቸው ሰማሁት። ከሠርጉ በፊት ለመድረሱ ግን ተስፋ እንዳላደርግ ነገረኝ። ስወጣ በሩን ከፍቶልኝ፣ «ከእንግዲህ ሰውን ሁሉ ሦስት ጊዜ ነው የምጠይቀው» አለኝ። ለሌሎቹ ሳይጠቅማቸው አይቀርም።

ሠርጉ ደረሰ፤ ጥርሱ አልደረሰም። ቤቲ በነጭ ቀሚሷ እግሬ ሥር ተንበረከከች። ጋሼ ወልዴ «ጸጥ በሉ! እናቷ ልትመርቅ ነው!» ብሎ ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኘው። ይህን ያህል ባይጮህልኝ በወደድኩ፤ ከእሱ ድምፅ በኋላ የማንም ድምፅ ድምፅ አይመስልም። የቪዲዮ አንሺው መብራት ፊቴ ላይ በራ። እጄ ራሱ ነጠላዬን ስቦ አፍንጫዬ ድረስ አወጣው። ዐሥራ አንዱንም መስመር አልኩ። አንድም አልዘለልኩም። ሰዉ ትንፋሽ በወሰድኩ ቁጥር እየገመተ «አሜን» ይል ነበር፤ አንዳንዱ አሜን መስመሩ ሳያልቅ ነው የመጣው። ቤቲም አጎንብሳ አሜን አለች።

ከዚያ ምግብ ቀረበ። እዚያ ላይ ግን አላፈርኩም። ጋሼ ወልዴ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ጉርሻ በጎረስኩ ቁጥር ለጎረቤቱ ያሳያል። «እዩአት! በቀኝ በኩል! እዩ እንዴት እንደምታላምጠው!» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሐጂ ነስሩ በኩራት ራሳቸውን ነቀነቁ። በቪዲዮው ላይ ምርቃቱ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ስበላ ግን ረዘም ላለ ጊዜ እታያለሁ።

ጥርሱ የመጣው ሠርጉ በሆነ በአራተኛው ቀን ነው፤ ትንሽ ሣጥን ውስጥ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ በሚኒባስ ተልኮ። አደረግኩት። ልክ ነው። «ሰላም» አልኩ ለመስታወቱ፤ ፉጨት የለም።

በሳምንቱ ቤቲ ከባሏ ጋር መጣች። ባሏ ሳሎን ከጋሼ ወልዴ ጋር ተቀምጦ ስለ መኪና ይሰማል፤ ሌላ ምርጫም አልነበረው። እሷ ወጥ ቤት ተከትላኝ ገባች። ገና ሰላም ስላት አየችው።

«እማማ! ጥርስሽ! ውይ፣ እንዴት ያምርብሻል!»

«ደህና ነው» አልኩ።

ሻዩን ስቀዳ ክንዷን በር ላይ አስደግፋ ቆየች። «እማማ፣ ቪዲዮውን አየነው። ያንቺ ድምፅ ምንም አይሰማም። ያን ቀን ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ያው የተለመደውን ነው።»

የተለመደው አልነበረም። የእናቷ ስም ነበረበት።

«እኔ እኮ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው አሜን ያልኩት» ብላ ሳቀች። ሳቋ ካበቃም በኋላ ፊቴን እያየች ቆመች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። ምርቃቱን የጻፍኩበት ደብተርም ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ ነበር።

«ሻይሽ ላይ ስኳር ልጨምርልሽ?» አልኳት።

«ሁለት ማንኪያ» አለች ወዲያው።